ደምቢያ ላይ የተበላው ጎደሬ

ልጅ ሳለሁ ሚዛን ተፈሪ ላይ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲጠፋ አባቴ ፋኖሱን ለኩሶ ልብ ወለድ ያነብልናል። ያኔ ዝናብ የምወደው በዚህ ምክንያት ነበር። በዚያ ክረምት የጀመረልን መጽሐፍ ስለ አንድ ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ እኩሌታው ላይ ስንደርስ አባቴ በድንገት ታመመና ሞተ። የገጹን ጠርዝ አጥፎ እንዳስቀመጠው መጽሐፉ መስኮቱ ላይ ቀረ።

እናቴ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ እህል አልቀምስም አለች። ጎረቤቱ እዝን ይዞ እየመጣ «አፈር ስሆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» እያለ ሲለምናት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ከስንት ልመና በኋላ ውኃ ወይም ወተት ትጎነጭ ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም። ድንኳኑ ፈርሶ ለቀስተኛው ሲበተን የሚለምናትም ሰው ቀነሰ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ላይ እየተንሸራተተ ሲወድቅ አያለሁ፤ እሷም ልትሞትብኝ ነው ብዬ እፈራለሁ። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

አባባ ማርቆስ የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። ተወላጅነታቸው ቤንች ነው፤ ዕድሜያቸውን ቴፒ ቡና ሲለቅሙና ሲያስለቅሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለነበር ሲያነቡ ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አያነሱም። አንድ ምሽት መጡና እናቴን «ብዪ» እንኳ ሳይሏት ወደ እኔ ዞረው፣

«ያቺን መጽሐፍ አምጪልኝ እስቲ። ወዳጄ የት ላይ እንዳቆመ ልየው» አሉኝ።

ከመስኮቱ አንስቼ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ማንበብ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ይመጡ ነበር። እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ከምድጃው በላይ የተሰጣው የትምህርት ቤት ልብሴ ጭስ ጭስ እየሸተተ ይደርቃል፤ የፋኖሱ ብርሃን ደግሞ ከመጽሐፉና ከሳቸው ጣት አልፎ ብዙም አይሄድም። ባለቤታቸው ጎደሬ የሚባለውን ያገሩን ሥራ ሥር ቀቅለው በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ይልኩልናል። የምበላው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ያውም እያፈርኩ።

አንድ ነገር ግን ይገርመኝ ነበር። አባቴ ሲያነብልን ያ ነጋዴ ተራራ ይወጣል፣ ከሽፍታ ጋር ይታኮሳል፣ በቅሎው ገደል ትገባበታለች። አባባ ማርቆስ ሲያነቡት ግን ሰውዬው ሆዳም ሆኖ አረፈው! ወንዝ ባየ ቁጥር ይቀመጣል፣ በሶ ይበጠብጣል፣ ቆሎውን ይዘግናል፣ ተመስገን ብሎ ይነሳል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች።

አንድ ምሽት ነጋዴው ደምቢያ ገባ። መሽቶበት የአንዲት አሮጊት ደጅ መታ፤ አሮጊቷም እግሩን አጠበችው።

«ከዚያም» አሉ አባባ ማርቆስ ጣታቸውን እየጎተቱ፣ «ትኩስ ጎደሬ ልጣ፣ በቅቤና በበርበሬ አቀረበችለት።»

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። «ምን አቀረበችለት?»

«ጎደሬ።»

«ደምቢያ ላይ?»

«ደምቢያ ላይ።»

«ኧረ አባባ ማርቆስ! እኔ እኮ ደምቢያ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እዚህ እስክመጣ ድረስ ጎደሬ የሚባል ነገር ባይኔም አላየሁ!» ከተጋደመችበት ብድግ ብላ ተቀመጠች።

«እንግዲያ ለእንግዳ ምን ትሰጣላችሁ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

እናቴ መናገር ጀመረች። የሽምብራው ዱቄት በዘይት እንዴት እንደሚታሽ፣ በዓሣ ቅርጽ እየተቆረጠ እንዴት እንደሚጠበስ፣ ከዚያ ድስት ሙሉ ቁሌት ውስጥ ሲገባ ሽታው ምን እንደሚመስል፣ ልጅ ሆና ጅራት ጅራቱን እየሰረቀች ስትበላ እናቷ እንዴት እንደሚቆጧት። አባባ ማርቆስ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ደፍተው እንደ ልጅ ያዳምጧታል። መሀል ላይ ምራቋን ዋጠችና ቆም አለች።

«ያ የተጠቀለለው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ጎደሬ ነው» አልኳት።

ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ እያለቀሰች አንዱን አንስታ ገመጠች። ከዚያ ሁለተኛውን። ደስታዬን ምን ላድርገው? እየሮጥኩ ሄጄ ጨው አመጣሁላት። አባባ ማርቆስ መጽሐፉን ከፍተው የጎደለ ቃል የሚፈልጉ መስለው አቀረቀሩ።

መጽሐፉን ራሴ ያነበብኩት ካደግሁ በኋላ ነው። አሮጊቷ አለች፣ እግር ማጠቡም አለ፤ ምግብ ግን የለም። እዚያ ቤት ብቻ አይደለም፣ ሰውዬው አባቴ ካጠፈው ገጽ ወዲህ እስከ መጨረሻው አንዲት ጉርሻ አይቀምስም። አባባ ማርቆስን ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ታዲያ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ ጦሙን ይደር?» አሉኝ፣ የተቆጡ መስለው። «እኔ ቤት ቢመጣ የምሰጠውን ሰጠሁት።»

አሁን እሳቸው የሉም። የእናቴ ዓይን ስለደከመ ልብ ወለድ የማነብላት እኔ ነኝ። ሰው የሞተባት ሴት ታሪክ ላይ ስደርስ ታስቆመኛለች።

«ቆይ ቆይ፣ እህል ቀመሰች?»

ገጹን አየዋለሁ። ብዙ ጊዜ ምንም አይልም።

«አዎ፣ በላች» እላታለሁ።

«ምን?»

በዕለቱ እኛ ቤት የበሰለውን እነግራታለሁ።