ልዩ ምልክት

ክልሉ በተቋቋመ ሰሞን አሶሳ ተመድቤ ስመጣ የተሰጠኝ ሥራ መዝገብ ቤት ነበር። ከድሮዎቹ የአውራጃ መሥሪያ ቤቶች በጭነት መኪና የመጣው ፋይል ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ሌላው ሠራተኛ አቧራውን ፈርቶ ይሸሻል። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሰው ነገር ማወቅ ስለምወድ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁበት።

ገና ሳምንት ሳይሞላኝ ከመንጌ አንዲት እናት መጡ። ሻርፓቸውን እስከ ዓይናቸው ሥር ተከናንበው በሩ ላይ ቆሙ። በደርግ ጊዜ ወታደሮች ከገበያ የወሰዱት ልጃቸው ይኑር ይሙት እንድፈልግላቸው ነበር የፈለጉት። ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ፈለግኩ። አንድ ፋይል አገኘሁ፤ ቀጥሎ ሁለተኛ፤ ወይ ጉድ፣ ሦስተኛም። ስም ከነአባት ከነአያት አንድ ዓይነት፣ ዕድሜውም «በግምት ሠላሳ»። አንደኛው ታስሮ ተፈቷል። ሁለተኛው ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛውሯል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። ሦስተኛው እስር ቤት ታሞ ሞቷል፤ ግርጌው ላይ «አስከሬን የጠየቀ የለም» ይላል። የመጋዘኑ ዘበኛ ያገሩ ሰው ነውና ብጠይቀው ሳቀብኝ። የበኩር ልጅ የአያቱን ስም ስለሚወስድ ስሙ በየቤቱ እየዞረ ይመለሳል አለኝ። መንጌ ገበያ መሀል ብጣራው ግማሹ ሰው አቤት ይለኛል።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ቅጹን ሳገላብጥ «ልዩ ምልክት» የሚለው ቦታ ላይ፣ በሦስቱም፣ «በሁለቱም ጉንጮቹ ላይ ሦስት ሦስት ጠባሳ» ተብሎ ተሞልቷል። በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። እንዲህ ያለ ጠባሳ ሦስት ሰው ላይ አይገጥምማ። ሰውየው አንድ ነው፤ ታሰረ፣ ተፈታ፣ ደግሞ ተያዘ፣ ሞተ። በግኝቴ ስኩራራ ቆይቼ ነው ይህ ለእናቱ ምን ማለት እንደሆነ ትዝ ያለኝ።

አስቀመጥኳቸውና ልጃቸው ጉንጩ ላይ ሦስት ሦስት ጠባሳ እንደነበረው ጠየቅኳቸው። አዎ አሉ። በሦስቱም ፋይል ላይ ይኸው እንደተጻፈ ነግሬያቸው መርዶውን እንዴት እንደምጀምረው ሳስብ፣ ሻርፓቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉት። በሁለቱም ጉንጫቸው ላይ ሦስት ሦስት መስመር ወደ ታች ወርዷል።

የሳቸው ሰው ሁሉ በልጅነቱ እንደሚበጣ አስረዱኝ። የመሥሪያ ቤታችን ያገሩ ወጣቶች፣ ዘበኛውም ጭምር፣ ልማዱ ስለቀረባቸው አይቼው አላውቅም ነበር። ቅጹን የሞላው ጸሐፊ እንደኔው ከሩቅ ተመድቦ የመጣ መሆን አለበት፤ ያገሩን ሁሉ ፊት የአንድ ሰው መለያ አድርጎት ቁጭ። በሸቅኩ።

ሦስት ሰዎች ናቸው እንግዲህ፤ የሳቸው ልጅ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን የለም። የሞተውን ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አስከሬኑን የጠየቀ እንደሌለ የሚለው ላይ ስደርስ እንዳቆም እጃቸውን አነሱ። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው፤ እኔ አንቱ ስላቸው እሳቸው እኔን፣ ሴቷን፣ «አንተ» ይሉኛል።

«እናቱ አልሰማም» አሉኝ። «ሰደቃ እኔ አወጣለታለሁ። የኔን ደግሞ እጠብቃለሁ። አንተ ጻፍ። እናቱ መጥቷል በል።»

በድሮ ፋይል ላይ አንዲት ፊደል መጨመር ክልክል ነው። እንዳሉኝ ጻፍኩት።