ቦርከናን በቅሬ ስናደራጅ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኮምቦልቻ ቢሮ ስገባ ኮምፒውተሩ ኩታ ለብሶ ነበር። አለቃዬ ጓድ ታደሰ አቧራ እንዳይገባበት በገዛ ኩታቸው ሸፍነውታል። "እኛ ብንታመም ሐኪም አለ፤ የሱ ሐኪም ግን ያለው አዲስ አበባ ነው" አሉኝ።

ሥራችን የቦርከናን ወንዝ ጎርፍ በኮምፒውተር ማስላት ነበር። ሐርቡ አጠገብ ለገበሬ ማኅበሩ የዘር መጋዘን ሊሠራ ስለሆነ ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ ንገሩን ተባልን። ከተሳሳትን የከርሞው ዘር ውሃ በላው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ፕሮግራሜ ስለ ወንዙ ሁሉን ነገር ልወቅ የሚል አንድ ረጅም ትእዛዝ ነበር። አንዱን ስነካ ሌላው ይበላሻል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቃጠልኩ።

መላው የተገኘው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የቅሬው ዳኛ በማን ጓዳ ምን እንዳለ አይመረምርም። መልእክት ይልካል፤ እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ይዞ ይመጣል። ፕሮግራሜም እንዲህ ይሁና! ደስታዬ አፈነኝና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ያለቀስኩ መስሏት አጽናናችኝ።

ወንዙን ሃያ ቦታ ከፈልኩት። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ስፋትና የውሃ ከፍታ ራሱ ይይዛል፤ ከላይኛው ጎረቤቱ ይቀበላል፣ ለታችኛው ያቀብላል። የዛሬ ልጆች "ኦብጀክት" የሚሉትን እኛ "ቤት" አልነው። ጓድ ታደሰ "ማደራጀት ማለት ይኼ ነው!" ብለው ጠረጴዛውን መቱት።

ስሌቱ ለመጋዘኑ የታሰበው ቦታ ደረቅ ነው አለ፤ ሪፖርቱም ተላከ። ችካል ልንተክል ሐርቡ ስንወርድ ሼህ ይመር የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ቆመው አዩን።

"ወላሂ ልጄ፣ እዚህስ ውሃ ይተኛል" አሉኝ።

"ስሌቱ ወደ ታች ያልፋል ነው የሚለው፣ ሼህ።"

"ያልፋል እንጂ! ታች ያለው ገባር ወንዝ ሲሞላ ግን ቦርከና መሄጃ ያጣና ወደ ኋላ ይመለሳል። ታችኛውን ጠየቅሽው?"

አልጠየቅሁትም። ቤቶቼ ውሃቸውን ዝም ብለው ጎረቤት ላይ ይደፋሉ እንጂ "ቦታ አለህ ወይ?" አይሉም። ቅሬ ቢሆን ያስቀጣቸው ነበር። በጣም አፈርኩ።

በዚያ ዘመን "ተሳስተናል" ብሎ መጻፍ ያስፈራ ነበር። ጓድ ታደሰ ግን "ጻፊው፤ ካንቺ በላይ የኔ ፊርማ ይሁን" አሉኝ። እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ።

ማረሙ የወሰደው የአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ለቤቶቹ አንዲት ጥያቄ ጨመርኩ፤ ሌላውን አልነካሁም። መጋዘኑም ወደ ዳገቱ ተዛወረ።

ክረምት ላይ ስንመለስ የመጀመሪያው ችካላችን ውሃ ውስጥ ቆሟል። ሼህ ይመር መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ደረቅ ዘር በመዳፋቸው ይዘው ጠበቁን።

"ማሻ አላህ! ያ ዕቃሽ ታችኛውን መጠየቅ ለመደ?"

"ለመደ፣ ሼህ። እኔም ለመድኩ።"

ከሥራዬ የያዝኩት ይህን ነው፦ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ይያዝ፤ ከማቀበሉ በፊት ግን ተቀባዩን ይጠይቅ።