ያልዘጋኋት መስመር

አንጥረኛነት የጀመርኩት አሊዩ አምባ፣ አጎቴ ጋሼ ኑሩ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ብር የሚባል ነገር አልነካሁም። እስከ ዙህር ወናፍ ስነፋ ቆይቼ ቅንድቤ ተለበለበ። ከሶላት በኋላ አጎቴ አንድ የክታብ ቤት እጄ ላይ አኖረልኝ፤ ክታብ ተጠቅልሎ የሚገባባት፣ አንገት ላይ የምትንጠለጠል የብር ቀፎ ናት።

"ውስጧ ምን ተጽፏል?" አልኩት።

"እሱ የኛ ሥራ አይደለም። የኛ ሥራ ክዳኗ መግጠሙ ነው" አለኝ።

ከወናፍ ወደ ሞረድ ለማደግ ሁለት ዓመት፣ ከሞረድ ወደ መቅረጫ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደንበኛችን ነበር፤ ውስጡን ጠይቀን አናውቅም።

ኋላ ሸዋ ሮቢት የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። የብር ጌጥ ፈላጊ ሲጠፋ ማንቆርቆሪያ በያጅ ሆንኩ። ምን ይደረግ፣ ሆድ ሥራ አይመርጥም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሱኒታ የምትባል ህንዳዊት መጣች። ባሏ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ነው፤ ሳምንቱን ካምፕ ያድራል። አማርኛዋን ከገበያ የለቀመችው ስለሆነ አንተና አንቺን እየቀላቀለች፣ በመዳብ ሰሌዳ ላይ እንድቀርጽላት አንድ ሥዕል አሳየችኝ። መሐሉ ነጥብ፣ በነጥቡ ዙሪያ የተጠላለፉ ሦስት ማዕዘኖች፣ ከዚያ ክብ፣ ክቡን የከበቡ ስምንት ቅጠሎች፣ ከሁሉም ውጭ በአራቱም በኩል በር ያለው አጥር። እንዲህ ያለ ሥራ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! እጄን በላኝ። በሳምንቱ አደርሳለሁ አልኳት።

ከዚያ የአጎቴን ደንብ ጣስኩና ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

"ሁለት ልጅ ሄደ፣ ሳይወለድ። ይኼ ሦስተኛ። እናት አለች፣ ዱርጋ፣ አንበሳ ላይ ትቀመጣለች። ጠዋት ጠዋት ይኼን ፊቴ አድርጌ እጠራለሁ፤ ትጠብቀኛለች።"

መቁጠሪያዋን አውጥታ ቀስ ብላ አሰማችኝ፤ "ኦም ዱም ዱርጋዬ ነማሃ።" መቶ ስምንት ጊዜ ነው የምትለው። ኪሴ ውስጥ ያለው የኔ ሙስበሃ ዘጠና ዘጠኝ ነው።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ከአላህ ሌላ የሚጠሩበትን ዕቃ መሥራት ሽርክ፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው ብዬ ፈራሁ። አልሠራም እንዳልል ደግሞ ሆዷን አይቻለሁ። እጄም ሥራውን ፈልጎታል።

መዳቡን በእሳት አለሰለስኩት፣ በመዶሻ አቀናሁት፣ በአመድ ፈተግሁት። ክቡን በኮምፓስ፣ ማዕዘኖቹን በማስመሪያ ነድፌ በመቅረጫ ገባሁበት። ከልቤ ነው የሠራሁት። የመጨረሻው ሦስት ማዕዘን ጫፍ ላይ ስደርስ ግን የስንዴ ፍሬ የምታህል ክፍት ተውኩ። ያልተዘጋ ነገር አላለቀም፣ ያላለቀ ነገር ምንም አይደለም፣ ስለዚህ ኃጢአት የለበትም ብዬ ለራሴ ጥብቅና ቆምኩ።

ሱኒታ ሰሌዳውን በሁለት እጇ ተቀብላ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችኝ። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ከወር በኋላ ነገሩን እንደ ብልሃት ቆጥሬ ለባለቤቴ ለዘሃራ ነገርኳት። ማሽላ እያበጠረች ነበር፤ ሰፌዱን አስቀመጠችው።

"ስንተኛ ወሯ ነው?"

"ስድስት ሳይሆን አይቀርም።"

"እኔ ከድርን አርግዤ የሠራህልኝ የክታብ ቤት ክዳኑ ይገጥም ነበር?"

"ምን ነካሽ! እንዴት አይገጥምም?"

"ታዲያ! ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብለህ ብትመልሳት ማን ይቀየምህ ነበር? አላህ አትሥራ ቢልህ አጭበርብር ብሎሃል? ለእርጉዝ ሴት ጎዶሎ ዕቃ ትሰጣለህ? ወላሂ አፍሬብሃለሁ!"

በማግስቱ መቅረጫና መዶሻዬን ይዤ ሱኒታ ቤት ሄድኩ።

"ማዳም፣ አንድ መስመር ሳልዘጋ ሰጥቼሻለሁ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

ሰሌዳውን አመጣችው። እኔ የተውኳት ክፍተት በቀይ ዱቄት ተሞልታለች።

"የመጀመሪያ ቀን አየሁ። ጠዋት ጠዋት በጣቴ እዘጋለሁ፣ ከዚያ እጠራታለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጋሼ አርጅቷል፣ ዓይኑ ደክሟል፣ እጁ እዚህ ድረስ ነው አልኩ። ብነግረው ያዝናል አልኩ።"

በሥራ ዘመኔ ብዙ ተሰድቤያለሁ። እንደዚያ ያቃጠለኝ ግን የለም፤ እሷ ደግሞ የተናገረችው አዝናልኝ ነው።

"እጄስ ደህና ነው" አልኳት። "አውቄ ነው የተውኩት። ሃይማኖቴን ፈርቼ፣ አልሠራም ለማለት ደግሞ አፍሬ። አሁን ልዝጋልሽ።"

ሰሌዳውን ወደ ደረቷ ሳበችው። የተቆጣች አልመሰለኝም።

"አይ ጋሼ። ከፈራህ አትዝጋ። ለኔ ዱቄት ይበቃል።"

መዶሻዬን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

ወሯ ሲደርስ አዲስ አበባ ሄዳ ሴት ልጅ ወለደች፤ ባሏ ደውሎ ነገረኝ። አልሃምዱሊላህ አልኩ፣ ከልቤም ደስ አለኝ። ሰሌዳውን ይዛው ወደ አገሯ ገብታለች። ዛሬም ጠዋት ጠዋት የኔን ጉድለት በጣቷ የምትሞላ ይመስለኛል።

ለሙያው ልጆች የምለው ይህን ነው፤ የማትሠሩትን ሥራ አልሠራም በሉ። ከተቀበላችሁ ጨርሱት።