የከብት መርፌ

በ1978 ክረምት፣ አሶሳ አጠገብ ባለችው የሰፈራ መንደራችን ገረሱ ነገራ የሚባል የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። የወለጋ ሰው ነው፤ የታመመ በሬ ከመንካቱ በፊት ሦስት ጊዜ ይዞረዋል። እኛ ከወሎ የመጣነው ደግሞ ችኩሎች ነን። በሬ ከወደቀ ሳይሞት በቢላ እንደርስለታለን። ከሞተማ በክት ነው፣ ማን ይበላዋል?

ችግሩ በሬው የማኅበር ነው። ያለ መንደሩ ካድሬ ፈቃድ ያረደ አሻጥረኛ ተብሎ ይታሰራል። እኔ ዋኘው ግን አንዱን በሬ ማሳ ዳር ሲንፈራገጥ አገኘሁትና አረድኩት። ደሙ ጠቁሮ አልረጋ አለ፤ ያንን አይቼ እንኳ አልተውኩም፣ ርቦን ነበር። ባለቤቴ ሙሉነሽ ማጭድ በቆረጠው እጇ አንጀቱን አጠበች።

በአራተኛው ቀን ክንዷ አብጦ መሀሉ ላይ ከሰል የመሰለ ቁስል አወጣ። ቁስሉ አያማትም፤ ትኩሳቱ ግን ያነድዳታል። የክሊኒኩ ሰው ራሱ በወባ ታሞ አሶሳ ተወስዷል፣ መንገዱንም ጭቃ ዘግቶታል። ሌላ ማን አለኝ? ገረሱን ጠራሁት።

"ምን ነካት?" አለኝ።

"እሾህ ወግቷት ነው፣ አቶ ገረሱ።"

የቁስሉን ዙሪያ በጣቱ ጫን ጫን አደረገው። "እሾህ ከሆነ በሙቅ ውሃ እጠብላት ብዬህ እሄዳለሁ። የታመመ በሬ ነክታ ከሆነ ግን አባ ሰንጋ ነው፤ ዛሬ ካልተወጋች አትተርፍም። እኔ ያለኝ የከብት ፔኒሲሊን ነው። ካልተስማማት ደግሞ እጄ ላይ ትቀራለች። እውነቱን ንገረኝ።"

 ብናገር እስር ቤት ነው፤ ዝም ብል ሙሉነሽን መቅበር ነው። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታቃስታለች። ለራሷ የማታስብ ነፍስ የለችምና ለራሴ አሰብኩ፣ አልዋሽም። በመጨረሻ ግን "በሬ አርጄ ነበር" አልኩት።

አልተቆጣኝም። "ስንት ኪሎ ትሆናለች?" አለኝ፤ የበሬ ልክ እንጂ የሰው ልክ የት ያውቃል። "ከግማሽ ኩንታል አታልፍም" አልኩት። መሬት ላይ በጣቱ አሰላ፣ አጠፋ፣ እንደገና አሰላ። መርፌውን ቀቅሎ በመጀመሪያ ትንሽ ጠብታ ከቆዳዋ ስር ወጋና ቁጭ ብሎ ጠበቀ።  እኔም እስትንፋሷን እየቆጠርኩ አብሬው ጠበቅኩ። ምንም እንዳልሆነች ሲያይ ቀሪውን ወጋት።

የተረፈውን ሥጋ ከነቆዳው አስቃጠለኝ። አምስት ቀን ተመላልሶ ወጋት፤ እብጠቱ ጎደለ፣ ውሃ ጠየቀች።

የቃጠሎው ወሬ ካድሬው ጆሮ ገባና በአምስተኛው ቀን ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ቤቴ መጣ። "በሬውን ማን አረደው?"

ገረሱ መርፌውን እየጠረገ "እኔ ነኝ፤ በሽታውን ለመለየት ብዬ ነው" አለ።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። "እውነቱን ነው?"

ሙሉነሽ ከመደቡ ላይ ቀና ብላ ታየኛለች።

"አዎ" አልኩ። ይዘውት ሄዱ።