ካቴናው የተበጠሰ ቀን

ትናንት ከሚሴ ባጃጅ ተራው አጠገብ አንዲት ልጅ ሞተር ሳይክሏ አልነሳ ብሏት ስትታገል አየሁ። ዙሪያዋን የቆሙት ወንዶች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ምክር ያዘንቡባታል። አንዱ «ተይው፣ ይሄ የወንድ ሥራ ነው» ሲላት ደሜ ፈላ። እኔንም እንዲሁ ብለውኝ ነበር።

ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ እዚሁ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። ቆላ የምወርድበት ሞተር አሮጌ ነው፤ በየመንገዱ ይቆማል። አለቃዬ ደግሞ ሴት ሞተር መያዟን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። «አንድ ጊዜ እንኳ ቆሞብሽ ሰው ከጎተተልሽ ቁልፉን ለወንዶቹ ታስረክቢያለሽ» ብለውኛል። ካስረከብኩ የሚጠብቀኝ ግምጃ ቤት ቁጭ ብሎ ዕቃ መጠበቅ ነው። እሱንስ ሞቼ ነው!

ጥቅምት ነው፤ ማሽላው አሽቷል፣ አቧራው መነሳት ጀምሯል። ቆላ አንድ ቀበሌ አባ ሰንጋ ገብቶ ከብት እየጣለ ነው ተባለና ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ጭኜ ወጣሁ። የሰንበቴን ከተማ አልፌ ጥቂት ቁልቁል እንደወረድኩ የሞተሩ ካቴና ተበጠሰ። መለዋወጫ የለኝም። ፀሐዩ ይጠብሳል፤ በረዶው ከቀለጠ ደግሞ መድኃኒቱ አለቀለት።

ከገበያ የሚመለሱ አንድ ባለግመል ደረሱብኝ። ሸህ ሰይድ ይባላሉ፣ ለቆላው እህል የሚያመላልሱ ነጋዴ ናቸው።

«ልጄ፣ ወደ ሰንበቴ ብትመለሺ መኪና አታጪም» አሉኝ።

«አልመለስም አባቴ። ከብቶቹስ?»

ሸህ ሰይድ ገመድ ፈትተው ሞተሩን ከግመላቸው ጋር አሰሩት። «በይ ጀባዱ፣ በርቺ። መሪውን አጥብቀሽ ያዢ፣ ኢንሻአላህ እንደርሳለን።»

ሞተሬ ላይ ተቀምጬ ግመል ጎተተኝ። ገበያተኛው ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ለማሾፍ ይሁን ለማበርታት እስካሁን አላውቅም። ፊቴ በእፍረት ጋለ፣ አንገቴን ግን አልደፋሁም። አንድ ግራር ሥር አረፍ ስንል ሸህ ሰይድ የተጠበሰ የማሽላ እሸት አካፈሉኝ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ እሸት የለም። ቀበሌው ስንደርስ ሳጥኑ ውስጥ በረዶ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ የተሰበሰበውን ከብት በሙሉ ከተብኩ።

በማግስቱ ሞተሬን አይሱዙ ላይ አስጭኜ ከሚሴ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። አለቃዬ ቢሮው በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ።

«ቁልፉን።»

«ከብቶቹ ተከትበዋል» አልኳቸው። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ጨብጬዋለሁ። «ቁልፍ አልሰጥም። ወንድ ብሆን ኖሮ አዲስ ካቴና ነበር የሚሰጡኝ። አሁንም እሱኑ ይስጡኝ።»

እሳቸው የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ወደ ውስጥ ገቡ። ካቴናው ሳምንት ሳይሞላ መጣ።

ዛሬ «ያኔ አልፈራሽም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። እንዴት አልፈራም? አለቃዬን ፈርቻለሁ፣ የሰውንም ሳቅ ፈርቻለሁ። ግን ያን ቀን ቁልፉን ብሰጥ ኖሮ፣ ከእኔ በኋላ ለምትመጣዋ ሴት ቁልፍ የሚያቀብላት አይኖርም ነበር። ስለዚህ አልሰጠሁም። ዛሬም ቢሆን አልሰጥም።