ባለስድስት ጎን ሥዕል

ፖሊሶች መንደራ ቆጪ ሰፈር ከተከራየሁት ቤት የወሰዱኝ ጠዋት ነበር። ልብሴን አልፈተሹም፤ ደብተሬን ብቻ ያዙ። ያስገቡኝ የእስር ክፍል እርጥብ ሲሚንቶና ላብ ይሸታል። አራት ሰዎች ነበሩበት። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ሽማግሌ ፍራሻቸውን አጥፈው ቦታ ሰጡኝ።

«በምን ገባህ?» አሉኝ።

«በደብተር።»

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የማጠናው ግራፊንን ነው፤ ውፍረቱ አንድ አተም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ። ባዕድ አተም ሲጨመርበት ኤሌክትሮኖቹ ይበዛሉ ወይም ያንሳሉ፤ ጠባያቸውም ይለወጣል። እኔ ለውጡን በሂሳብ እከተላለሁ። ደብተሬ ውስጥ «ህዋስ» እና «ሽግግር» የሚሉ ቃላት በየገጹ አሉ፤ ህዋስ የምለው አተሞቹ የሚሠሩትን ተደጋጋሚ ቅርጽ፣ ሽግግር የምለው የጠባያቸውን ለውጥ ነው።

መርማሪው ባለስድስት ጎን ሥዕል ያለበትን ገጽ ከፈተ። «የዚህን ህዋስ ስድስት አባላት ስም ጻፍና ወደ ቤትህ ሂድ።»

«ሰዎች አይደሉም፤ አተሞች ናቸው።»

«ሽግግሩስ መቼ ነው?»

«ኤሌክትሮኖቹ ሲበዙ።»

ይህንንም መዘገበው።

ስመለስ ሽማግሌው ጠጋ አሉ። «ማሎ ልጄ፣ እባክህ፣ ያ ሥዕል ምንድን ነው?»

ስለ ሥዕል ነግሬያቸው አላውቅም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከዚያ ወዲያ ዳቦ ሲያካፍሉኝ እንኳ እሳቸው እስኪቀምሱ እጠብቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን መርማሪው ያንኑ ገጽ ከብዕር ጋር አቀረበልኝ። በስድስቱም ማዕዘን ላይ «ካርቦን» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው። «ውጣ» አለኝ።

ወደ እስር ክፍሉ ተመልሼ ከሽማግሌው ፊት ተቀመጥኩ። ወሬዬን ለመርማሪው ቢያቀብሉም ያቀብሉ፤ የምደብቀው የለኝም። በጣቴ ወለሉ ላይ እየሳልኩ ሁሉንም አስረዳኋቸው፤ ኤሌክትሮኖቹ አንዳንዴ ያለ ምንም እንቅፋት እንደሚፈስሱ፣ አንዳንዴም ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ።

«ወላሂ፣ ለዚህ ነው ያሰሩህ?» አሉ።

«እርስዎ ስለ ሥዕሉ ከየት ሰሙ?»

መልስ ሳይሰጡኝ ተጠሩ። አልተመለሱም። እኔም በሳምንቱ ያለ ማብራሪያ ተለቀቅኩ።

ምናልባት ሽማግሌው ስለ ሥዕሉ ዘበኞቹ ሲያወሩ ሰምተው ይሆናል። ምናልባትም አይደለም። ዛሬም ሳስተምር፣ የማላውቀው ሰው ከኋላ ተቀምጦ ሲጽፍ ካየሁ ድምፄ ዝቅ ይላል። ከዚያ ወደ ሰሌዳው እዞርና እሱም እንዲታየው አጉልቼ እጽፋለሁ።