የጣት ቅባት

የገጣጠምሁትን ኮምፒውተር ስከፍተው ስክሪኑን አረንጓዴ መስመር ሞላው። ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ተቃጥሎ ከሆነ ጎንደር ውስጥ ምትክ አላገኝለትም። አጥፍቼ ነቀልሁት፤ ወደ መስኮት ሳስጠጋው ቦርዱ ውስጥ የሚሰካው ወርቃማ ጠርዙ ላይ የጣቴ አሻራ ታየኝ።

ልጅ ሳለሁ ቁም ጸሐፊ የነበረው አባቴ ቁራጭ ብራና ሰጥቶ ያለማምደኝ ነበር። አንድ ቀን ቀለሙ አልይዝ እያለ ፊደሌን ቆራረጠው።

«አባባ፣ ቆዳው ተበላሽቷል» አልሁት።

«ምነው ቆዳውን ታማዋለህ? እስቲ ጣትህን አሽትት።»

የምሳው ቅቤ ሸተተኝ። «ብራና ቂም ይይዛል» ብሎ ቅባቱ እንዲለቅ ብራናውን በአመድ አሸልኝ፤ እኔ ግን ብራናው የተቀየመኝ መስሎኝ ለቀናት ፈራሁት።

የካርዱን ጠርዝ በላጲስ ቀስ ብዬ አሽቼ መልሼ ሰካሁት። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ጥፋቱ የራሴ ሆኖ በመገኘቱ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።